የእንጨት መቅረጫ ራውተር ልክ ሲዛባ፦ ከጎንደር የእንጨት ሥራ ቤቶች የደረሱ ጥያቄዎች

ከአዘዞ፦ «በዋንዛ በር ላይ ክብ ጌጥ ስቀርጽ በአራት ቦታ ትንሽ እርከን ይሠራል። የሲኤንሲውን (በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ራውተር) ሞተር ልቀይር?»

ሞተሩን አይንኩት። ክብ ሲቀረጽ አክሲሶቹ (ማሽኑ የሚንቀሳቀስባቸው መስመሮች) አቅጣጫ የሚቀይሩት በእነዚያው አራት ነጥቦች ስለሆነ፣ አክሲሱ ሲመለስ ክፍተት አለው ማለት ነው። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለመርፌ መሣሪያ) ስፒንድሉ (ቢላውን የሚያዞረው ሞተር) ማቀፊያ ላይ ያስደግፉ፤ በአንድ አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ያስኪዱት፣ መርፌውን ዜሮ ያድርጉ፣ ከዚያ 0.1 ይመልሱት። መርፌው 0.04 ብቻ ከተመለሰ 0.06 የሆነ ቦታ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ጣትዎ ይነግርዎታል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ አንድ ሰው ጋንትሪውን (ስፒንድሉን የተሸከመውን ተንቀሳቃሽ ድልድይ) ወዲያ ወዲህ በቀስታ ሲገፋ እርስዎ ካፕሊንጉን ይንኩ፤ የሞተሩን ዘንግ ጋንትሪውን ከሚያንቀሳቅሰው ባለጥርስ ዘንግ (ስክሩው) ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። የሞተሩ ዘንግ ቆሞ ስክሩው ብቻ ከዞረ የካፕሊንጉ ብሎን ላልቷል፤ በብሩጎላ ያጥብቁት። ስክሩው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ከተንሸራተተ የጫፉ ቤሪንግ ነው። ስክሩው ጸጥ ብሎ ጋንትሪው ብቻ ከተነቃነቀ ነቱ (በስክሩው ላይ የሚሄደው ባለጥርስ ክፍል) አልቋል። በሶፍትዌር የክፍተት ማካካሻ ሞልቶ ማለፍን ብዙዎች ይወዱታል፣ እኔ ግን አልመክርም። የላላው ክፍል እንደላላ ስለሚቆይ ቢላው ዋንዛውን ሲገፋ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

ከማራኪ፦ «100 ሚሊ ሳዘው 98፣ 200 ሳዘው 196 ይሄዳል።»

ስህተቱ ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ነው፤ ይሄ የላላ ብሎን ሳይሆን የተሳሳተ ቁጥር ነው። በዙር 200 እርምጃ ያለው ሞተር፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፋፍለው ለአንድ ዙር 3200 ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ይፈልጋል። ስክሩው በዙር 5 ሚሊ የሚጓዝ ከሆነ ማሽኑ ሶፍትዌር ውስጥ ለ1 ሚሊ 640 ፐልስ ተብሎ መሞላት አለበት። 627 ተሞልቶ ካገኙት ምክንያቱ እሱ ነው።

ከፒያሳ፦ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ሳስቀጥለው ቅርጹ ይዛነፋል።»

ተራ ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ የሚዞር ሞተር) የነበረበትን ቦታ አያስታውስም። መብራቱ እንደሄደ ማሽኑን ያጥፉት። ሲመለስ መጀመሪያ ቢላውን ከእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ ያውጡ፣ ከዚያ ሆም ያስደርጉት (ወደ ማሽኑ መነሻ ነጥብ ይመልሱት)፣ የሥራውን ዜሮ (የቅርጹን መነሻ ነጥብ) ያረጋግጡና ትንሽ ወደኋላ ከተመለሰ መስመር ይጀምሩ። እንጨቱን ግን ከማሰሪያው አይፍቱት፤ ከተፈታ ያንኑ ቦታ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ሰፈሩን ያልጠቀሰ፦ «ስፒንድሉ ሲነሳ ማሽኑ ሊሚት ስዊች (የጉዞውን ጫፍ የሚያሳውቀውን ማብሪያ) ሳይነካ ነካሁ ብሎ ይቆማል።»

የስዊቹ ገመድ ከስፒንድሉ ገመድ ጋር አብሮ ታስሮ ይሆናል። ያለያዩዋቸው። ለስዊቹ መከለያ ያለው ገመድ ይጠቀሙ፤ መከለያውንም በመቆጣጠሪያው በኩል ብቻ ከኧርዝ ጋር ያገናኙት።