መልስ፦ መብራት ሲጠፋ ለማብሰያ የቱን ነዳጅ እናስቀምጥ?

እህቴ፣ ሕፃን ይዘሽ ጎንደር ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደምትኖሪ ገልጸሽ፣ መብራት ለቀናት ሲጠፋ ከሰል፣ ላምባ ወይስ ትንሹ ቡታጋዝ ይሻላል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ቡታጋዙን እመርጣለሁ። ወዲያው ይቀጣጠላል፣ ድስት አያጠቁርም፣ ሥራሽን እንደጨረስሽ ታጠፊዋለሽ። ጎማውንና መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቢው፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳልና እንዳትለኩሺው። ስታበስዪ መስኮት ይከፈት።

ላምባ ሁለተኛ ነው። በደንብ በተከደነ ጄሪካን ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ግን ይሸታል፣ ክሩ ካልተስተካከለም ያጨሳል። ምድጃው እየነደደ ላምባ አትጨምሪ። ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ እሳት ያስነሣልና ከማታምኚው ሰው አትግዢ።

ከሰል ውጭ ብቻ! በሐምሌ ብርድ ፍሙን ወደ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት የለመድነው ነገር ነው፤ እባክሽ አታድርጊው። ጢሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው በተኛበት ይገድላል።

ነዳጅሽን ስትገምቺ ከፍታውንም አስቢ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የሕፃኑን መጠጥ ውኃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዪው። ባቄላና ሽምብራም ለመብሰል ይዘገያሉ፤ ማታ ዘፍዝፈሽ በግፊት ድስት ቀቅዪ፣ የፈላውን ውኃ ደግሞ በፔርሙስ አስቀምጪ።