የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መቀሌ ድረስ የመጣችው ተዋናይት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እናቴ ኦድሪ ሄፕበርን የተባለችውን የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት በጣም ታደንቃታለች፤ በድርቁ ዘመን አገራችን መጥታ እንደነበርም ትነግረኛለች። አንድ ወዳጄ ግን «ሥራ ሲነጥፍባት ስሟን ለማደስ የመጣች ናት» ብሎ ተከራከረኝ። የሴትዮዋ ሕይወት ምን ይመስል ነበር? የወዳጄ አባባልስ እውነት ነውን?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ክርክር እኛ ከእናትዎ ጋር እንቆማለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት ግን ከልጅነቷ መነሳት ግድ ይለናል፤ በልጅነቷ የደረሰባት ረሃብ የባሌት ዳንሰኛ የመሆን ምኞቷን አጨናግፎ ወደ ፊልም ገፍቷታል፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ መቀሌ ድረስ ያመጣትም ያው የረሃብ ትዝታ ነውና። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ኦድሪ ሜይ 4 ቀን 1929 ብራስልስ ውስጥ ተወለደች። እናቷ ኤላ ቫን ሄምስትራ ከኔዘርላንድስ መሳፍንት ወገን ስትሆን፣ የብሪታንያ ዜጋ የነበረው አባቷ ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት ቤቱን ጥሎ ሄደ። ሁለቱም ወላጆቿ በ1930ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያ ፋሽስቶች ደጋፊዎች እንደነበሩ መሸሸግ አይገባም፤ ፋሽስት የሚለው ቃል በዚያው ዘመን በአገራችን ላይ ምን እንዳወረደ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። እናቲቱ ጦርነቱ ሲጀመር ኔዘርላንድስ ገለልተኛ ሆና ትቀራለች በሚል ተስፋ ልጇን ከእንግሊዝ አውጥታ ወደ አርነም ከተማ ወሰደቻት። ጀርመኖች ግን በሜይ 1940 አገሪቱን ወረሩ፤ በ1942ም የኤላን እህት ባል ረሸኑት። እንግሊዝኛ የሚሸት ስም አደጋ ያመጣል ተብሎ ስለተፈራ ልጅቷ ለትምህርት ቤት ኤዳ ቫን ሄምስትራ ተባለች።

በዚያ ሁሉ መካከል የሙጥኝ ያለችው ባሌትን ነበር። ለፀረ ናዚ ተቃውሞው ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ቤት ውስጥ መስኮት ተጋርዶ በሚደረጉ የምስጢር ትርኢቶች ላይ ትጨፍር ነበር፤ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ተመልካቹ ሳያጨበጭብ ይበተን ነበር። በሴፕቴምበር 1944 የተባበሩት ኃይሎች አርነምን ለመያዝ ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ጀርመኖችም ለባቡር ሠራተኞች አድማ ብድር ለመመለስ ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድስ የሚገባውን እህል ሲያግዱ፣ ደቾች እስከ ዛሬ «የረሃብ ክረምት» የሚሉት ወቅት መጣ። 20,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የኦድሪ ቤተሰብ በአርነም አጠገብ ባለችው ፌልፕ ውስጥ ሽንኩርት የሚመስለውን የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በኤፕሪል 1945 ነፃነት ሲመጣ ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት የቀሯት፣ በደም ማነስና በወፍ በሽታ የተጎዳች፣ እግሮቿ ያበጡ ነበረች። ምግብና መድኃኒት ይዞ የደረሰው የዛሬው ዩኒሴፍ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ትክክሉ ከእርሱ በፊት የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት፣ ኡንራ ነው። ዩኒሴፍ የተመሠረተው በ1946 መጨረሻ ነው።

በ1948 ለንደን ሄዳ በታዋቂዋ መምህርት በማሪ ራምበርት ዘንድ ባሌት መማር ቀጠለች። ዳሩ ግን ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 በመሆኑና በጦርነቱ ረሃብ የተጎዳው ሰውነቷ ስለማይችል፣ ዋና ዳንሰኛ ለመሆን እንደማትበቃ ተነገራት። በልጅነት የሰነቁትን ምኞት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት መቅበር ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያዳግትም። እንጀራዋን ለማብሰል በሙዚቃዊ ትያትሮች ከአጃቢዎች ጋር ጨፈረች፣ በጥቃቅን የፊልም ሚናዎችም ታየች። በ1951 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ፊልም ስትሠራ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት ዓይኗ አረፈባትና ከራሷ ልብ ወለድ ለተወሰደው «ጂጂ» ለተባለው የብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ትያትር ቤቶች ሰፈር) ትያትር መሪ ተዋናይት እንድትሆን አስመረጠቻት።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ለንደን አጠገብ ባለው የፓይንዉድ ስቱዲዮ ለ«ሮማን ሆሊዴይ» ፊልም የሙከራ ቀረጻ ተደረገላት። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር «ቁረጥ» ከተባለም በኋላ ካሜራው ሳይቆም እንዲቀጥል አስቀድሞ አዝዞ ነበር። እርሷ ቀረጻው ያበቃ መስሏት ዘና ብላ ስትስቅና ስትጫወት የተቀረጸው ምስል ሚናውን አስገኘላት። የተመረጠችው ባልተወነችበት ቅጽበት መሆኑን ልብ ይሏል። አብሯት የሠራው ግሪጎሪ ፔክ በውሉ መሠረት ስሙ ከፊልሙ ርእስ በላይ ለብቻው ሊጻፍ ይገባ ነበር፤ ሆኖም ይህች ልጅ ኦስካር ማሸነፏ አይቀርም ብሎ ስሟ ከስሙ እኩል እንዲሆን ራሱ ጠየቀ። በፊልሙ ውስጥ ሐሰተኛን ሰው እጁን ይነክሳል በሚባለው የሮም የድንጋይ አፍ ፊት ፔክ ሳይነግራት እጁን በእጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲያወጣ የጮኸችው ጩኸት የእውነት ነው። ፔክም አልተሳሳተም፦ በ1954 የዓመቱን ምርጥ ተዋናይት ኦስካር፣ በዚያው ዓመትም በ«ኦንዲን» ትያትር ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የትያትር ሽልማት ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው የሚታወቅ ነው፦ «ሳብሪና» በ1954፣ «ዘ ነንስ ስቶሪ» በ1959፣ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» በ1961፣ ዓይነ ስውር ሆና የተወነችበት «ዌይት አንቲል ዳርክ» በ1967። ወዳጅዎ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ፊልም አምስተኛውን የኦስካር ዕጩነት አስገኝቶላት ሳለ ልጆቿን ለማሳደግ ብላ በ38 ዓመቷ ከሥራው ገለል አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሠራችው ጥቂት ፊልም ብቻ ነው። ትታ የወጣችው ስሟ በገነነበት ሰዓት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው፤ የዩኒሴፍ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና ያደረገችው የመጀመሪያ ጉዞም ይኸው ነበር። ዘመኑ አዲስ ድርቅ የገባበት፣ በሰሜን ጦርነቱ የጋለበት ነበር። መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት የሚገኙበትን ማሳደጊያ ጎበኘች፣ ምግብ እንዲላክላቸውም አደረገች። ወደ ውጭ ተመልሳም ያየችውን ለጋዜጠኞች ሳትታክት ተናገረች። ለአንድ ፊልም 1 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏት የነበረች ሴት ለዚህ ሥራ የምትቀበለው በዓመት 1 ዶላር ነበር። ሱዳን፣ ባንግላዴሽና ቬትናም ተከተሉ፤ የመጨረሻው በሴፕቴምበር 1992 ያደረገችው የሶማሊያ ጉዞ ነው። ከዚያ ስትመለስ ሆዷን አመማት፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 በስዊዘርላንድ ቶሎሼና መንደር በ63 ዓመቷ አረፈች። ስም ማደስ የሚፈልግ ሰው ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ በ«ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም ውስጥ የዘፈነችው ራሷ ኦድሪ ሄፕበርን አይደለችም ይባላል። እውነት ነውን? ፊልሞቿን አይቼ አላውቅምና በየትኛው ብጀምር ይሻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አብዛኛው የዘፈን ድምፅ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የማርኒ ኒክሰን ነው። ኦድሪ ዘፈኖቹን ለብዙ ጊዜ ተለማምዳና ራሷ ቀርጻ ሳለ ስቱዲዮው ድምፁን መለወጡ በጣም አሳዝኗታል። ፊልሙ ስምንት ኦስካር ሲያገኝ እርሷ ዕጩ እንኳ አልሆነችም። ድምፅ አልነበራትም ለማለት ግን አይቻልም፤ የሙዚቃ ደራሲው ሄንሪ ማንቺኒ «ሙን ሪቨር» የተባለውን ዘፈን የጻፈው በእርሷ የድምፅ ልክ ነው፣ በ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ውስጥም መስኮት ላይ ተቀምጣ የምትዘፍነው ራሷ ናት።

ብዙዎች በ«ሮማን ሆሊዴይ» ይጀምሩ ይሉዎታል፤ የእኛ ምርጫ «ዘ ነንስ ስቶሪ» ነው። በከፊል በቤልጂየም ኮንጎ የተቀረጸ ሲሆን፣ ነርስ የሆነች መነኩሲትን ትጫወታለች። ዓለም ያወቃት ቀሚስ፣ ጸጉርና ቁመና በመነኩሲት ልብስ ስለሚሸፈን የቀራት ፊቷ ብቻ ነው፤ በዓይኗ እንቅስቃሴ ብቻ የአንዲት ሴትን የኅሊና ሙግት ከሁለት ሰዓት በላይ ታሳያለች። መጨረሻው ላይ የምንኩስና ልብሷን አውልቃ በሩን ከፍታ ትወጣለች፤ ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን በዚያ ትዕይንት ሙዚቃ እንዳይገባ ስላደረገ፣ በጠባቡ መንገድ ስትርቅ የሚታየው በጸጥታ ነው።