የሬዚደንሲ ክፍተት ዓመት፦ እስከሚቀጥለው ጁላይ ምን ልሥራ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጎንደር ተመርቃ በዲቪ አሜሪካ የገባች ሐኪም ናት። በጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) የአንድ ዓመት ፕሪሊሚናሪ ቦታ አግኝታ እየሠራች ነው። ጁን 30 ያልቃል። ለሁለተኛው ዓመት በማችም (ሐኪሞችን ከሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ጋር በሚያገናኘው ብሔራዊ ምደባ)፣ በሶፕም (ከማቹ የተረፉ ቦታዎች በሚሞሉበት ዙር) ቦታ አላገኘችም። ስቴፕ ስሪን፣ ማለትም የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጨረሻ ክፍልን፣ ገና አልተፈተነችም። «ባለቤቴ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ሄደሽ ሥሪ ይለኛል። ጓደኞቼ ኡበር ጀምሪ ይሉኛል። ጋሼ፣ እዚሁ በሐኪምነት መሥራት እችላለሁ?»

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። አልተባረርሽም። ፕሪሊሚናሪ ቦታ ሲፈጠርም የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ውሉን ጨረስሽ። ማመልከቻሽ ላይም፣ ኢንተርቪው ላይም ይህንኑ ሳታፍሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ያስጠረጥራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። እዚህ አገር ለተማረ ሐኪም ብዙ ቦታ የአንድ ዓመት ሥልጠና ይበቃል። ውጭ አገር ለተማረ ግን አብዛኞቹ ስቴቶች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጠይቃሉ። የስቴት ሜዲካል ቦርዶች ፌዴሬሽን የየስቴቱን መስፈርት በሠንጠረዥ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። አንድ ምሽት መድበሽ እዪው። ያንቺን አንድ ዓመት የሚቀበል ስቴት ብታገኚ እንኳ ስቴፕ ስሪ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ በጁላይ ፈቃድ ይዤ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚታከሙበት ክሊኒክ) እገባለሁ ብለሽ አትቁጠሪ።

አንድ የተለየ መንገድ አለ። ሚዙሪ በ2014 ባወጣችው ሕግ ሬዚደንሲ ያልጨረሰ ሐኪም «አሲስታንት ፊዚሺያን» በሚል ፈቃድ እንዲሠራ ትፈቅዳለች። ከአንድ ባለፈቃድ ሐኪም ጋር ውል ገብተሽ፣ ሐኪም በማይበቃበት አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ትሰጫለሽ። የጊዜ ገደብ ስላለው ዛሬ ነገ ሳትዪ ቦርዱን ጠይቂ። ቤተሰብ ይዞ ወደ ሚዙሪ ገጠር መሄድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በሽተኛ ከማየት ሳትርቂ መቆየት ከፈለግሽ ልታስቢበት ይገባል።

ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ሥራዎችም አሉ። እዚህ ላይ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ሥራውን በደመወዙ ብቻ አትምረጪ። በሚቀጥለው መስከረም ማን የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልኛል ብለሽ ምረጪ። የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ አሁን ያለሽበት ሆስፒታል የሪሰርች ሥራ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሪሰርች ኮኦርዲኔተር ወይም ሪሰርች ፌሎው ይፈልግ እንደሆነ ከመውጣትሽ በፊት በአካል ሄደሽ ጠይቂ። እዚያ ያውቁሻል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትጠሪ እንዴት እንደምትመልሺ ያውቃሉ። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባቸው ላይ የምትቀመጭ ሰው ሆነሽ ስትቆዪ፣ በመሃል አንድ ሬዚደንት ለቅቆ ቢሄድ መጀመሪያ የሚታወሰው ያንቺ ስም ነው። ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው።

ስክራይብነት፣ ማለትም ሐኪሙ አጠገብ ሆኖ ማስታወሻውን መጻፍ፣ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው። ከተቻለ ግን ወደምትፈልጊው ሙያ ክሊኒክ ግቢ። የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚነት ለቤት ኪራይ ይረዳል፤ ለብሔራዊ ሰርተፍኬቱ ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። በነርሲንግ ትምህርት ቤቶች አናቶሚ ማስተማርም አለ። ኡበሩ ነውር የለበትም፤ ግን የማታ ይሁን፣ ቀኑን አይብላብሽ። ገንዘብ ተቀብለው «ኦብዘርቨርሺፕ እናስገባሻለን» የሚሉትን እለፊያቸው። አንድ ዓመት በእጅሽ በሽተኛ ያከምሽ ሰው ለመመልከት የምትከፍዪበት ምክንያት የለም።

አንድ አደራ። ያለ ፈቃድ አታክሚ። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን መድኃኒት እዪልኝ» የሚሉሽ እናቶች ይኖራሉ። አዳምጫቸው፣ ወደ ሐኪማቸው ምሪያቸው። የምታውቂው ሰው ክሊኒክ ውስጥ «እኔ እፈርማለሁ፣ አንቺ እዪ» ቢልሽ ግን እሺ እንዳትዪ። ፈቃድ ስትጠይቂ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ይህ ነው።

ክፍት ቦታ ፍለጋውን እስከ መስከረም አታቁሚው። የቀዶ ሕክምናም የውስጥ ደዌም ፕሮግራም ዳይሬክተሮች ማኅበራት ድንገት የተከፈቱ ቦታዎችን ይለጥፋሉ፤ ፍሬዳ በሚባለው የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች የኢንተርኔት ማውጫ ላይም አለ። ማች ውስጥ ደግሞ «አር» የሚባሉ፣ ቀድሞ ለሠለጠኑ ሐኪሞች ብቻ የተያዙ፣ በዚያው ዓመት የሚጀምሩ ቦታዎች አሉ። ወደ ውስጥ ደዌ ለመዞር ካሰብሽ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር አለ። ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድኅን) ለሆስፒታሉ ስለ ሬዚደንቱ ሙሉውን የሚከፍልበት ዘመን የሚቆጠረው በመጀመሪያው ሙያ ነው። በቀዶ ሕክምና የጀመረ ሰው አምስት ዓመት ይያዝለታል። ውስጥ ደዌ ሦስት ዓመት ነው። አንዱን ተጠቅመሽም ይተርፍሻል። ገንዘቡ የሚያሳስበው ፕሮግራም ካጋጠመሽ ይህን ንገሪው።

ስለ ባለቤትሽ ሐሳብ። አገር ቤት ሄዶ ማከም ጥሩ ነው፤ እጅም ይፈታል። ዓመት ሙሉ ግን አልመክርም። ግሪን ካርድ ይዘሽ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየሽ የዜግነት ቆጠራሽ ሊቋረጥ ይችላል። ያለ ሪኤንትሪ ፐርሚት (የመመለሻ ፈቃድ) ከዓመት በላይ ከቆየሽ ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ቤተሰብ መጠየቅ ካማረሽ ስቴፕ ስሪን ተፈትነሽ ሁለት ወር ሂጂ። እዚያ ልታክሚ ከሆነ የአገር ቤት ፈቃድሽን አስቀድመሽ አሳድሺ።

ስቴፕ ስሪን በዚህ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) ጨርሺ። ውጤቱ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ መስከረም ላይ ማመልከቻ ሲከፈት እጅሽ ላይ ይሁን።

ከጁን 30 በፊት ደግሞ ባጅሽ ሳይዘጋ የምትሰበስቢያቸው ወረቀቶች አሉ። ዓመቱን በሙሉ ክሬዲት እንዳጠናቀቅሽ የሚገልጽ የፕሮግራም ዳይሬክተሩ ደብዳቤ፣ የግምገማ ውጤቶችሽ፣ ከሎግ ሲስተሙ የወረደ የሠራሻቸው ኦፕራሲዮኖች ዝርዝር፣ የማልፕራክቲስ (የሕክምና ስህተት ክስ) ኢንሹራንስ ማረጋገጫ። ኢንሹራንሱ ከወጣሽ በኋላ ለሚመጣ ክስም ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። የቤተሰቡ የጤና መድኅንም ከሥራው ጋር ስለሚያልቅ፣ በማርኬትፕሌስ (የመንግሥት የጤና መድኅን ገበያ) ለመመዝገብ ያለሽ 60 ቀን ነው። ዳይሬክተሩን የምታናግሪው በዚህ ሳምንት ይሁን፤ ስለ ሪሰርች ቦታውም ያኔውኑ ጠይቂው።