እኔም እንደ ባሌ ጨካኝ ሆንኩ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ሲጠጣ ይመታኛል። ባለፈው ሳምንት አንገቴን አንቆኝ ራሴን ስቼ ነበር። አሁን ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ትንሽ ሻክሯል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን በትንሽ በትልቁ እገነፍላለሁ። እሱን በስኒ ፈነከትኩት፤ ትልቁን ልጄንም በማማሰያ መታሁት። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ዳያዜፓም እየገዛሁ እወስዳለሁ። እኔም እንደሱ ሆንኩ? ወይስ እያበድኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። እንቅልፍ ማጣት፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ቶሎ መገንፈል፣ እነዚህ በፍርሃት የኖረ ሰው ላይ በየቀኑ የማያቸው ናቸው። በሕክምናና በምክር ይሻላሉ። እጃቸውን የሚያነሱ ብዙ ሴቶች ቀድመው የተመቱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከልጅነታቸው ጀምሮ።

ይህ ግን ለልጅሽ ማማሰያውን አያለሰልስለትም። ግልፍ ሲልሽ ከክፍሉ ውጪ። ሲበርድልሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ንገሪው።

«የምትመታ ሴት ጠባይዋ ነው የሚያስመታት» የሚሉሽን አትስሚ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶው ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ ሁሉ ሴት አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም።

አሁን ወደ አንገትሽ። «ደህና ነኝ» ያልሽው አላሳመነኝም። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ሰው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። የደም ሥሩ ከውስጥ ከተሰነጠቀ ደም ይረጋበታል። የረጋው ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን ከዘጋ ስትሮክ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከውጭ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። የሻከረው ድምፅሽ ጉሮሮሽ ውስጥ ጉዳት እንዳለ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገርሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት ሕመም ካለሽ፣ ፊትሽ ከተጣመመ፣ እጅሽ ከዛለ፣ ንግግርሽ ከተሳሰረ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዪ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እርጉዝ ከሆንሽም ንገሪያቸው። «ወድቄ ነው» እንዳትይ። «ባሌ አንቆኝ ራሴን ስቼ ነበር» በያቸው፤ ካላወቁ የሚመረምሩት ሌላ ነገር ነው።

ሌላም አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀደም ሲል በባሏ ወይም በጓደኛዋ የታነቀች ሴት ካልታነቁት ተደብዳቢዎች ይልቅ የመገደል አደጋዋ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ሽማግሌ መጥቶ «ቻይው፣ ትዳር ነው» ቢልሽ ይህን አስቢ። ማነቅ የስካር ጨዋታ አይደለም።

ዳያዜፓሙን በተመለከተ፣ ያለ ማዘዣ እንዳትገዙት ስንቴ ልናገር? ሱስ ያስይዛል። አልኮል ከተጨመረበት ትንፋሽ ያዳክማል። ሌሊት አደጋ ቢመጣ እንኳ በቶሎ አያነቃሽም። ሳምንታት ከወሰድሽው ግን በድንገት አታቁሚው፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ።

አዲስ አበባ ከሆንሽ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የሕግ ድጋፉን አንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። መጠለያ ካስፈለገሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እናቶችን ከነልጆቻቸው ይቀበላል። መታወቂያሽን፣ የልጆቹን የልደት ካርድና ጥቂት ገንዘብ እምነት የምትጥይባት ጎረቤት ጋ አስቀምጪ። የምትሄጂበትን ለሱ አትንገሪው። የምትወስጂውን ክኒን ከነማሸጊያው ለሐኪሙ ይዘሽለት ሂጂ።