ወደ ህንድ የሚወስደውን መንገድ ማን አገኘው?

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ታሪክ ስታጠና «በባሕር ህንድ የደረሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ቫስኮ ዳ ጋማ ነው» ብላ አነበበችልኝ። እኔ ደግሞ ድሮ ስንማር ከሱ በፊት ህንድን አይቶ፣ ኋላ እኛ አገር መጥቶ የቀረ ፖርቱጋላዊ እንደነበር አስታውሳለሁ። እውነት ነው ወይስ ተምታታብኝ? ለምንስ አገሩ አልተመለሰም? (አንድ አባት)

መልስ፦ አልተምታታብዎትም፣ እውነት ነው። ሰውየው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። ህንድን ያየው ከቫስኮ ዳ ጋማ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ ሁለት ነገር አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። አንዱ የቅመም መገኛ ነው። ሌላው ደግሞ አውሮፓውያን «ቄሱ ዮሐንስ» እያሉ የሚጠሩት፣ ከእስላም አገሮች ወዲያ ይኖራል የሚባለው ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ያ ንጉሥ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ያምኑ ነበር። ስለዚህ በ1487 ኮቪልያንና አፎንሶ ደ ፓይቫ የተባለ ሌላ ሰው በድብቅ ላኩ።

ሁለቱ ሮድስ ደሴት ላይ ማር ገዙና ማር ነጋዴ መስለው እስክንድርያ ገቡ። እዚያ ሁለቱንም ንዳድ ጣላቸው። የከተማው ሹም «እነዚህስ አይተርፉም» ብሎ ማራቸውን ወሰደባቸው። ተረፉ። ሹሙም የማሩን ዋጋ ከፈላቸው፤ በገንዘቡ ሌላ ሸቀጥ ገዝተው ወደ ካይሮ ቀጠሉ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። አሰሳ ሲባል ትልቅ መርከብና መድፍ ነው የሚታየን፤ እዚህ ግን ማር ጭነው በሰው አገር ትኩሳት የያዛቸው ሁለት ሰዎች ናቸው ያሉት።

የመን ባለችው በኤደን ወደብ ተለያዩ። ፓይቫ ወደ ኢትዮጵያ፣ ኮቪልያ ወደ ህንድ። ኮቪልያ ዐረብኛ አሳምሮ ይችል ስለነበር በነጋዴዎች መርከብ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ተሳፍሮ ሄደ። ካናኖርን፣ ካሊከትንና ጎዋን አየ። ከዚያ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ያለችውን ሆርሙዝን፣ በአፍሪካ ጠረፍ ደግሞ ዛሬ ሞዛምቢክ ውስጥ ያለችውን ሶፋላን። እንግዲህ መንገዱ ያኔም ሰው ይመላለስበት ነበር፤ ዐረቡ፣ የምዕራብ ህንዱ ጉጅራቱ፣ ስዋሂሊው ስንት ዘመን ነግዶበታል። ለዚህ ነው «አገኘው» የሚለው ቃል የማይዋጥልኝ። ለልጅዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፦ ቫስኮ ዳ ጋማ ከአውሮፓ ተነስቶ አፍሪካን በመርከብ ዞሮ ህንድ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ይኼው ነው።

ኮቪልያ ካይሮ ሲመለስ ፓይቫ ሞቷል። ንጉሡ የላኳቸው ሁለት አይሁዳውያን እዚያ አገኙት፤ አንደኛው ጫማ ሰፊ ነበር። በሱ እጅ ደብዳቤ ላከ። መርከቦቻችን የጊኒን ጠረፍ ይዘው ቢወርዱና ሶፋላን ቢፈልጉ ካሊከት ይደርሳሉ የሚል ነው። እሱ ግን የፓይቫን ሥራ ሊጨርስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ 1493 ገደማ ነው። ዐፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፣ በክብር እንደሚሸኙትም ቃል ገቡለት። ሳይሸኙት በ1494 ሞቱ። ቀጥሎ ዐፄ ናዖድን ፈቃድ ቢለምን እምቢ አሉት። ከሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግልም እምቢ አሉት። የልብነ ድንግል ምክንያት ልብ ይነካል፦ በኔ ዘመን አልመጣህም፣ ከኔ በፊት የነበሩት ርስትና ሹመት ሰጥተውሃል፣ ስለዚህ ልለቅህ አልችልም አሉ።

ቀረ። አገባ፣ ወለደ፣ ሀብት አፈራ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። ታሪኩን ያወቅነው አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከራሱ አፍ ሰምቶ ስለጻፈው ነው። የአገሩ ሰዎች ሲያይ ናፍቆቱ ተቀሰቀሰበት። አብረውት ሆነው ንጉሡን ለመኑ፣ ደግመው ለመኑ፤ አልተፈቀደም። መልእክተኞቹ በ1526 ሲመለሱ እሱ እዚሁ ቀረ።

ጥያቄ፦ ቫስኮ ዳ ጋማን ከአፍሪካ ወደ ህንድ የመራው ታዋቂው ዐረብ መርከበኛ ኢብን ማጂድ ነው ይባላል። ልክ ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ በብዙ ቦታ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ግን አይደለም። ኢብን ማጂድ ያኔ በጣም አርጅቶ ነበር። የፖርቱጋል ጸሐፊዎች መሪውን የጉጅራት ሰው ይሉታል። የሰጣቸውም ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያለችው የማሊንዲ ንጉሥ ነው።

መሪው ምን ያህል እንደጠቀማቸው ከፈለግህ ቀኖቹን ቁጠር። ከማሊንዲ ሚያዝያ 1498 ተነስተው በ23 ቀን የህንድን ምድር አዩ። ነፋሱ በዚያ ወቅት ከአፍሪካ ወደ ህንድ ነው የሚነፍሰው፤ መሪው ያውቀዋል። ሲመለሱ ግን ከካሊከት ገዥ ጋር ተጣልተው፣ ነፋሱ እስኪዞር ሳይጠብቁ በጥቅምት ተነሱ። ያንኑ ባሕር ለማቋረጥ ሦስት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የደረሱት። እዚያ መሀል 30 ሰው ሞተ። መርከበኛ ስላነሳቸው ከቀሩት ሦስት መርከቦች አንዱን አቃጠሉት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኛን ስለሚነካ። ሲሄዱ ሞዛምቢክ ላይ «ቄሱ ዮሐንስ ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ ወደ መሀል አገር በግመል ይኬዳል» ተባሉ። ይህን ሲሰሙ በደስታ እንዳለቀሱ በጉዞው ማስታወሻ ተጽፏል። የእኛን ንጉሥ ፍለጋ ማለት ነው። ኮቪልያ ያኔ እዚሁ ተቀምጧል!

ጥያቄ፦ እነዚያ መርከበኞች ድዳቸው እያበጠ የሚሞቱበት በሽታ ምንድን ነው? (ስልክ ደውላ የጠየቀችን)

መልስ፦ ስከርቪ ነው እህቴ፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት። ወራት ሙሉ ደረቅ ብስኩትና ጨው ያለበት ሥጋ ብቻ ሲበላ ይመጣል። ድድ አብጦ ጥርሱን ይሸፍናል፣ እግር ያብጣል። ምክንያቱ ያኔ አይታወቅም። ሕመምተኞቹ ግን ሰውነታቸው የነገራቸው ይመስለኛል፤ በ1499 መጀመሪያ ማሊንዲ ሲደርሱ የናፈቃቸው ብርቱካን ነበር፣ ካፒቴኑም ሰው ልኮ አስመጣላቸው። ለብዙዎቹ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። «ብርቱካን» የምንለው ቃል ራሱ የመጣው ከዐረብኛው «ቡርቱቃል» ነው፤ እሱም ፖርቱጋል ማለት ነው።