ለዋልካ መንገድ የሚሆን የመጀመሪያ ሞተር

ጥያቄው የመጣው ከብቸና ነው። ጠያቂዋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። በሳምንት አራት ቀን ከከተማ ወጥታ በየቀበሌው ከብት ትከትባለች፤ ከኋላዋ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥንና የመድኃኒት ቦርሳ ትጭናለች። በወር አንዴ ደግሞ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ ትመጣለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ነው። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፤ የራሷ ሞተር ግን ኖሯት አያውቅም። ሦስት ምርጫ ቀርቦላታል፦ አዲስ ቦክሰር 150፣ በጨረታ ተሽጦ አንድ ነጋዴ እጅ የገባ ያማሃ ዲቲ 125፣ እና ወንድሟ «ጉልበትም አለው፣ ያምራልም» የሚላት አፓቼ። «የቱን ልግዛ?» ትላለች።

እኅቴ፣ ካቀረብሽልኝ ከሦስቱ ቦክሰሩን ግዢ። ግን ከሱቅ እንደወጣ ቀበሌ ይዘሽው አትውጪ፤ ጥቂት ነገር መቀየር አለበት። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ሌላ ሞተር በጥሩ ዋጋ ቢመጣልሽም ራስሽ መመዘን ትችያለሽ።

አንድ ሰው የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ ሲያማክረኝ ቀድሜ የምጠይቀው በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድበትን መንገድ ነው። በጥርና በየካቲትማ ብቸና ባለችበት በእነማይ ሜዳ የማይሄድ ሞተር የለም። የአባቶቻችን በቅሎ አመራረጥም እንዲሁ ነበር፤ ለቆላ ቁልቁለት የምትሆነውን ለረግረግ አይገዟትም።

የእናንተ አገር ዋልካ፣ ያ ሲረጥብ የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር፣ ሞተር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በየክረምቱ አያለሁ። ከዋልካ ቀበሌ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣልኝ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ (የኢንጂኑን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) የተቃጠለ ነው። ባለቤቱ «ፍሪሲዮኑ የማይረባ ነው» ይለኛል። ጎንበስ ብዬ የፊት ጎማውን ሳየው ነገሩ እዚያ ነው ያለው፤ በጎማውና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የጭቃ መከላከያ) መካከል ጭቃው ከጭድና ከሣር ጋር ተጠቅጥቆ ገብቶ ደርቋል። በማጭድ ጫፍ እየፈለፈልን ነው የምናወጣው። ጎማው አልዞር ሲል ነጂው ጋዝ ይጨምራል፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ እየጎተተ ይሄዳል። እንዲህ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የፍሪሲዮኑ ሸራ ያልቃል። የባሰው ደግሞ ጎማው በድንገት ተቆልፎ ነጂውን የጣለው ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ ጣትሽን በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አስገቢ። አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ለአስፋልትና ለጠጠር የተሠራ ነው። ቦክሰሩም አፓቼውም እንዲህ ናቸው። እንደ ዲቲና እንደ ያማሃ ኤክስቲዜድ ያሉት ትሬል ሞተሮች (ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩት) ግን ፓራፋንጎአቸው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ እጅሽ እንዳለ ያልፋል። የፊት ጎማቸውም 21 ኢንች ነው፤ የቦክሰር 17 ነው። ትልቅ ጎማ የጋሪ ቦይና ድንጋይ ላይ ሲደርስ ተንከባልሎ ይወጣል፤ ትንሹ ገብቶ ይያዛል።

«ታዲያ ለምን ትሬሉን አልገዛም?» ትይኛለሽ። ቁመትሽ ነው ያሳሰበኝ። የኤክስቲዜድ 125 መቀመጫ ከመሬት 84 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዲቲም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰው ሲቀመጥበት በሞላው ትንሽ ይወርዳል፤ ቢሆንም በአንቺ ቁመት የእግርሽ ጣት ጫፍ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። አስፋልት ላይ በዚህም ይነዳል፤ ብዙ ሰው ይለምደዋል። ጭቃ ላይ ግን ሞተሩ ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምር የሚያድንሽ ሙሉ መርገጫሽ መሬት መድረሱ ነው። ከኋላሽ ያለው ሳጥን ደግሞ ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከፍ ብሎ የተጫነ 20 ኪሎ፣ ዝቅ ብሎ ከተጫነ 40 ኪሎ ይልቅ ይጥላል።

በዚህ ላይ የማንንም ወሬ አትስሚ፣ የእኔንም ጭምር፤ ራስሽ ሞክሪው። ሱቅ ስትሄጂ ሳጥንሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በረዶ እሽጉን ሞልተሽ፣ የመስክ ቦት ጫማሽን አድርገሽ። አስጭነሽ ተቀመጪበት፣ ከመቆሚያው አውርጂው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ አዘንብለሽ መልሺው። ከዚያ ውረጂና ማኑብሪዮውን (መሪውን) ይዘሽ ወደ ኋላ ግፊው። ይህን ያለ ሰው እርዳታ ካላደረግሽው፣ ከከተማ ወጥተሽ ብቻሽን ስትሆኚም አታደርጊውም። ባለ ሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርብሽ ግድ የለሽም፤ ገንዘቡ የአንቺ ነው።

ዲቲውን የማልመክርሽ በቁመቱ ብቻ አይደለም። ሁለት ምት ኢንጂን ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ከተነዳ ፒስተኑ ይነክሳል፣ መንገድ ላይ ያስቀርሻል። የዘይቱ ፓምፕ ከተነቀለ ደግሞ ቤንዚን በቀዳሽ ቁጥር ዘይቱን በልክ ራስሽ መቀላቀል አለብሽ፤ ብዙ አሮጌ ዲቲዎች ላይ ፓምፑ ተነቅሎ ነው የማገኘው። ጉልበቱም ከታች ቀዝቀዝ ብሎ ቆይቶ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ልምድ ላለው ሰው ደስ ይላል፤ ለጀማሪ ግን ጭቃ ላይ የኋላ ጎማውን ያሾረዋል። በአንድ ሊትር የሚሄደውም ከቦክሰሩ በጣም ያነሰ ነው።

አፓቼ መጥፎ ሞተር አይደለም። የወንድምሽ መንገድ ከደብረ ማርቆስ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከሆነ እኔም እሱን እመርጥለታለሁ፤ ፍጥነት ላይ ይረጋል፣ የዲስክ ፍሬኑ ይይዛል። ዋልካ ውስጥ ግን አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ የዲስኩን ሸራ ቶሎ ይበላዋል፤ የቦክሰሩ የከበሮ ፍሬን ለዚህ ይሻላል። ውኃ ከተሻገርሽ በኋላ ግን ፍሬኑን ቀስ እያልሽ ጥቂት ጊዜ ይዘሽ አድርቂው፤ እስኪደርቅ ድረስ አይይዝም።

ስለ ጉልበት ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፤ በጮቄ በኩል ያሉት ቀበሌዎች ከዚህም በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ኢንጂን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛውን፣ አልፎም አንድ አራተኛውን ያጣል። ለዚህ ነው ዝቅተኛ አገር ላይ የሚበቃ 100 ሲሲ (ሲሲ የኢንጂኑ መጠን ነው) እዚህ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው። ለአንቺ ከ125 አትውረጂ፤ 150 በቂሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ክብደትና ዋጋ ነው። የካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ጫፍ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ለአየሩ ቤንዚኑ በዝቶበታል ማለት ነውና ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክልልሽ መካኒክ ጋ ውሰጂው።

ቦክሰሩን ከገዛሽ የሚቀየሩት እነዚህ ናቸው። የፊት ፓራፋንጎው ይነሣና ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ በያጅ ቤት የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን ማኑብሪዮው ሙሉ ዞሮ፣ የፊት አሞርቲዛተሩም ሙሉ ወርዶ ምንም ነገር እንደማይነካ አስፈትሺው። ጎማው ጥርስ ባለው ጎማ ይቀየር፤ ቢያንስ የኋላው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ስትገቢ ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ካደረግሽ ጎማው መሬቱን ይይዛል፤ አስፋልት ስትወጪ ግን መልሰሽ አስሞዪው፣ አለበለዚያ ካላማዳሪያው (የውስጥ ጎማው) ይቆረጣል። የካቴናው (የሰንሰለቱ) የኋላ ጥርስ በሁለት ጥርስ በሚበልጥ ይቀየር፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ፍሪሲዮን ሳታቃጥዪ ትወጫለሽ። የሳጥኑ መጫኛ ብረት ከመቀመጫው ጋር እኩል ሆኖ ይበየድ፤ ከዚያ አይብለጥ፣ ወደ ኋላም ብዙ አይውጣ። ቦርሳውን ለሁለት ከፍለሽ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገሽ ብታንጠለጥዪው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታውቂዋለሽ።

ከሦስቱ ውጪ አንድ ሞተር ካገኘሽ ግን ደውለሽ ንገሪኝ፤ ያማሃ ኤጂ 200። በግብርና ቢሮዎች ግቢ አይተሽው ይሆናል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አራት ምት ነው፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አያገኘውም፣ ከፊትም ከኋላም መጫኛ አለው፣ መቆሚያውም በሁለቱም ጎን ነው። በግል እጅ ለሽያጭ ብዙ አይገኝም። ከተገኘና እግርሽ ከደረሰ ቦክሰሩን ትተሽ እሱን ብትገዢ አልከፋም።

ያገለገለ ሞተር የምትገዢ ከሆነ፣ ዲቲም ሆነ ኤጂ፣ ሻጩ ጋ እንደደረስሽ ከሰላምታም በፊት ኢንጂኑን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ከሞቀ አንቺ ሳትመጪ አስነሥቶታል፤ ቀዝቃዛውን ሲነሣ ማየት አለብሽ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለሽ ተመለሺ። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥተሽ ማኑብሪዮውን ግራ ቀኝ አዙሪው፤ መሐል ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሻንሲው ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካየሽ ከሥሩ ብየዳ እንዳለ ጠርጥሪ። በጨረታ የሚወጡ ሞተሮች ከቀረጥ ነጻ የገቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዪና የሻንሲና የኢንጂን ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ሳታረጋግጪ ቀብድ አትስጪ። ስም ማዞሩ ላይ ተይዘው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ከመክፈልሽ በፊት ብቸና ያለው መለዋወጫ ሱቅ ግቢና የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ካላማዳሪያና ካቴና ከነጥርሱ አለ ወይ ብለሽ የምትገዢውን ሞተር ስም ጠርተሽ ጠይቂ። የፍሪሲዮን ገመዱንና ካንዴላውን ያን ዕለቱኑ ገዝተሽ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጪ። አዲስ ከሆነ በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ይቀየር፤ ወር ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ስትመጪ ቫልቩንም አያለሁልሽ። እስከዚያ ሳጥኑን ሳትጭኚ በደረቅ መንገድ ተለማመጂበት፤ ሄልሜትሽን አገጭ የሚሸፍነውን ግዢ።