ቦብካት ናፍጣ አልደርሳት ሲል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ስኪድ ስቲር ሎደር፣ ሳይት ላይ ሁላችንም በደፈናው ቦብካት የምንላት ትንሿ አፈር ገፊና ጫኝ ማሽን፣ የናፍጣ ችግር ሲገጥማት ምን እናድርግ ለምትሉ ጥያቄ ክፍት አድርጌ ነበር። ብዙ መጣ። ከመጀመሬ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ክንዷ ወደ ላይ ተነስቶ መቆለፊያው ካልገባ ከሥሩ እንዳትገቡ። ካቢኗንም ስታነሱ መያዣው መቆለፉን በዓይናችሁ እዩ። ሰው ይሞታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማሽኗ ጠዋት በደንብ ትነሳለች። ባዶዋን ስትሠራም ሰላም ናት። አፈር ስትገፋ ግን አቅሟ ይወርድና ትጠፋለች። አምስት ደቂቃ ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ሁለቴ ቀየርኩ። አሁን ፖምፓው፣ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው፣ ይውረድ እያሉኝ ነው።

ፖምፓው አይውረድ! ወንድሜ፣ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል፦ «አምስት ደቂቃ ካረፈች ትነሳለች»። የተበላ ፖምፓ አርፎ አይድንም። ይሄ ሰልባቲዮ (የናፍጣ ታንከር) ውስጥ ያለ ነገር መምጠጫው አፍ ላይ እየተለጠፈ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻውም ይለቃል።

ልክ እንዲህ ያለች ማሽን ገጥማኛለች። ጋራዥ ገብታ ፖምፓዋ ወርዶ ተፈትሾ ተመልሷል፣ ባለቤቱ ብዙ ብር ከፍሏል፣ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ናፍጣውን በሙሉ ቀድተን አወጣንና ባትሪ ይዤ ወደ ውስጥ አየሁ። የመዳፍ ስፋት ያላት ጥቁር ፌስታል ሥሩ ላይ ተኝታለች። ከየት መጣች? ከጀሪካን ክዳን ነው። እንዳይፈስ ብለን ክዳኑ ሥር ፌስታል እናስራለን አይደል? ስትቀደድ ከናፍጣው ጋር ወረደች። ማሽኗ ናፍጣ በብዛት ስትስብ ፌስታሏ ሄዳ ትለጠፋለች፤ ባዶዋን ስትሠራ ስቧ ትንሽ ስለሆነ አትደርስም።

አንተ ግን ከሰልባቲዮው ክዳን ጀምር። በክዳኑ በኩል አየር ካልገባ ሰልባቲዮው ይታፈናል፣ ምልክቱም ተመሳሳይ ነው። ልትጠፋ ስትል ክዳኑን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና አቅሟ ከተመለሰ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ካልሆነ ቱቦውን ፊልትሮው ጋ ፍታና፣ ክዳኑን ከፍተህ፣ በቀስታ ወደ ሰልባቲዮው ንፋ። ፉጭ ፉጭ እያለ ሲፈላ መስማት አለብህ። የኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት እንዳትለቅበት። እንዲህ ነፍተህ ብትድን እንኳ ቆሻሻው ገና ውስጥ ነው፤ ናፍጣውን ቀድተህ አውጣው።

ጥያቄ፦ አየር ይስባል ይሉኛል፤ ግን የትም ቦታ የሚንጠባጠብ ናፍጣ የለም። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። ከሰልባቲዮ እስከ መጀመሪያው ፓምፕ ያለው መስመር የሚሳብ መስመር ነው። ቀዳዳ ካለው ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ያስገባል። ደረቅ መሆኑ አያታልልህ። ጠዋት ለመነሳት የምታስቸግር ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ኋላ እየወረደ ነው። ፊልትሮው መግቢያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ ግጠምና አስነሳት። አረፋ ሲያልፍ ካየህ ከዚያ ወደ ኋላ ሂድ፦ ፋሼታዎቹ (የቱቦ ማሰሪያዎቹ)፣ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የእጅ ፓምፑ ጎማ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ፊልትሮ ሲቀየር የድሮው የጎማ ቀለበት መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። እሱን እየው።

ጥያቄ፦ ናፍጣ አልቆባት ቆመች። ሞዴሏ 763 ነው። አየሩን እንዴት ላውጣ?

እሷ ላይ ያለው ኩቦታ ቪ2203፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሜካኒካል ሞተር ነው። አትጨነቅ። ናፍጣ ሙላ። የእጅ ፓምፑን እስኪጠጥርብህ ጨምቅ። የአየር ማውጫውን ቡሎን ላላ አድርገህ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ ጨምቅና እሰር። ካልተነሳች ወደ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) የሚሄዱትን ቱቦዎች ጫፍ ትንሽ አላላና በሞተሪኖ (ማስነሻው ሞተር) አዙር። አሥር ሰከንድ አዙረህ አሳርፍ፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል። ናፍጣ ሲመጣ አጥብቅ።

አሁን በጣም አስጠነቅቃችኋለሁ። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍል የጋራ ቱቦ) ባለው አዲስ ሞተር ላይ ይሄን ማላላት በፍጹም አትሞክሩ። እዚያ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው፣ ብዙም አያምም፤ ሰዓታት ቆይቶ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የሚያፈስ ቦታ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም። ነካኝ ያለ ሰው ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፣ ናፍጣ በግፊት እንደገባበትም ለሐኪሙ ይናገር።

ጥያቄ፦ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ግን አትነሳም። ጭስም የለም።

ጭስ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር አልደረሰም። ነጭ ጭስ ቢኖር ናፍጣ ደርሶ አልተቃጠለም እልህ ነበር። በሜካኒካሎቹ ላይ ቁልፉን ስትከፍት ናፍጣ ማቆሚያው ሶሌኖይድ «ቀጭ» ማለት አለበት። ዝም ካለ ፊውዙን፣ ከዚያ ሽቦውን እይ። አቧራና ንዝረት ሶኬቱን ያላላዋል።

ጥያቄ፦ ከበርሜል የምንቀዳውን ናፍጣ በጨርቅ እናጠልላለን። ይበቃል?

አይበቃም። ጨርቅ ውሃ አያስቀርም፣ ብናኝ ክሩንም ይተዋል። በርሜሉ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይረፍ። የመቅጃው ቱቦ ጫፍ ከሥሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ውሃና ዝቃጭ ያለው እዚያ ነው። ሰልባቲዮውን ማታ ሙሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጎዶሎ ሰልባቲዮ ውስጡ ያልበዋል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ ማውጫ ጠዋት ጠዋት ክፈቱ። ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ብትቀበሉት ውሃው ከሥር ለብቻው ተኝቶ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ነጭ ጋዝ ብቀላቅልስ? ኢንጀክተር ያጸዳል ይባላል።

አታድርገው። ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ያን ቅባት ይቀንሳል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ስሠራ ጥቁር ጭስ አላት፣ አቅምም የላትም። አዳማ ወርዳ ግን ይሻላታል።

ይሄማ የናፍጣ እጥረት ሳይሆን የአየር እጥረት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል አቅም ያጣል፤ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሄደ ማለት ነው። ይሄን መቀየር አትችልም። የአየር ፊልትሮው ግን በአቧራ ታፍኖ ከሆነ ይብስባታልና እሱን ቀይር።

ጥያቄ፦ ማሽኗ የእኔ ናት፣ ስለ ሞተር ግን አላውቅም። መካኒኩ አዲስ ፖምፓ ግዢ አለኝ። ምን ልጠይቀው?

እህቴ፣ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ በይው። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ይፍታና ጫፉን የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባ። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ካላት ቁልፉን ይክፈት፣ ከሌላት ሞተሪኖውን ያዙር። አንቺ ቆመሽ እዪ። ናፍጣው ሳይቆራረጥ፣ አረፋ ሳይኖረው ከመጣ ፖምፓው ሊጠረጠር ይችላል። እየተንጠባጠበ ወይም እየተፋ ከመጣ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ነው፤ አዲስ ብትገዢም እሱም ናፍጣ አያገኝም። ያወረደውንም አሮጌ ፖምፓ ተቀበዪው፣ እዚያ እንዳትተዪው።